በዋሃካ ከተማ ጥቂት ወራት ለመቆየት ላሰብን ባልና ሚስት ምክር ብትለግሱን

ጡረተኛው ከደሴ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔና ባለቤቴ ለብዙ ዘመን በደሴና በአካባቢዋ ስናስተምር ኖረን ጡረታ የወጣን ስንሆን፣ አሜሪካ የምትኖረው ልጃችን ዘንድ ሰንብተን ወደ አገራችን ከመመለሳችን በፊት፣ በደቡብ ሜክሲኮ በምትገኘው በዋሃካ ከተማ ቤት ተከራይተን ጥቂት ወራት ለመቀመጥ አስበናል። ልጃችን አንድ ሳምንት ይበቃችኋል ትላለች፤ እኛ ግን ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ፎቶ ተነስቶ መመለስን አገር እንደ ማየት አንቆጥረውም። የትኛው ወቅት ይሻላል? በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ቀኑን በምን ይውላል? ከሁሉ በላይ ደግሞ እኔ ጾም የማልፈታ ክርስቲያን፣ ባለቤቴ ሙስሊም ነንና፣ የአሳማ ሥጋ በሚዘወተርበት አገር ምን እየበላን እንከርማለን?

ከኮምቦልቻ፦
ጋሼ፣ አብሽሩ፤ እትዬም አይስጉ። ለትምህርት ሄጄ በዚያች ከተማ ስለኖርሁ ከምግቡ ልጀምር። የዋሃካ ሰው ከማዕዱ የማያጣው ቶርቲያ የተባለው የበቆሎ ቂጣ ነው። በቆሎው በኖራ ውኃ ተቀቅሎ፣ ታጥቦና ተፈጭቶ በምጣድ የሚጋገር ስለሆነ ቅባት አይገባበትም፤ ለጾምም ለሐላልም ችግር የለውም። የሚያስቸግረው ዓይን የማያየው የአሳማ ስብ ነው። ጥቁር ቦሎቄው ብዙ ጊዜ በእሱ ይጠበሳል፤ በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለው የታማሌ ሊጥ በእሱ ይታሻል፤ ትላዩዳ የሚሉት ሰፊና ደረቅ ቂጣም ከላዩ ይቀባል። ሥጋ አለበት ወይ ብለው ቢጠይቁ የለበትም ሊሉዎት ይችላሉ፤ መዋሸታቸው ሳይሆን ስቡን እንደ ሥጋ ስለማይቆጥሩት ነው። ስለዚህ ‹‹ሲን ማንቴካ››፣ ማለትም ያለ ስብ፣ ማለትን ከሰላምታው አስከትለው ይልመዱ። የከተማዋ ኩራት የሆነው ሞሌ በርበሬ፣ ለውዝና ቅመም፣ ጥቁሩ ደግሞ ቸኮሌት ጭምር የሚገባበት ወጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በዶሮ መረቅ ስለሚቀጥን ለጾም አይሆንም፣ እትዬም በምን እንደተቁላላ ሳይጠይቁ ባይቀምሱት ይሻላል። በአንጻሩ ከበቆሎና ከካካዎ ተፈጭቶ በውኃ የሚበጠበጠው ቴጃቴ የተባለው ቀዝቃዛ መጠጥ ለጾመኛ ትልቅ ድጋፍ ነው። የምትከራዩት ቤት ወጥ ቤት ይኑረው፤ ሌላው ሁሉ ቢጎድል ይቻላል።

የባቲ ሰኞ፦
ጋሼ፣ ቀኑ በገበያ ይውላል። የባቲን የሰኞ ገበያ ለሚያውቅ የወሎ ሰው የዋሃካ ሸለቆ አሠራር አዲስ አይሆንበትም፤ በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ገበያቸውን በተራ ያቆማሉ፤ ረቡዕ ኤትላ፣ ሐሙስ ሳቺላ፣ ዓርብ ኦኮትላን፣ እሑድ ደግሞ ትላኮሉላ። ኑሯችሁን በእነዚህ ቀናት ብታስይዙት፣ ሻጮቹ ፊታችሁን ለይተው ሰላምታ መስጠት ሲጀምሩ ከማንኛውም አስጎብኚ የበለጠ ይነግሯችኋል። ሞንቴ አልባንን ግን በማለዳ ውጡ፤ ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ገደማ በፊት ሳፖቴኮች የተባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች በተራራ አናት ላይ የቆረቆሯት ከተማ ናት፤ ጥላ የላትም፣ ደረጃዎቿም ጉልበት ይፈትናሉ። እ.ኤ.አ. በ1932 ከሰባተኛው መቃብሯ የወጣው ወርቅና ጌጥ ከተማው ውስጥ በሳንቶ ዶሚንጎ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በቀድሞው ገዳም ሙዚየም ስለሚገኝ፣ ደረጃው ለከበደው ሰው እሱም ቁም ነገር ነው።

ስለ ወቅቱ፣ ብዙዎች በሐምሌ የሚደረገውን የጌላጌትሳን የጭፈራ በዓል ይመክራሉ። እኔ አልስማማም፤ ያ ወር የእነሱም ክረምት ነው፣ ቤት ኪራዩም ይንራል። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ዝናቡ ያባራል። ጥቅምት 22 እና 23 ሙታን የሚዘከሩበት በዓል ነው፤ ቤተሰቡ በየቤቱ መሠዊያ አዘጋጅቶ ዳቦ፣ ቸኮሌትና ቢጫ አበባ ያኖራል፣ በየመቃብሩም ሻማ አብርቶ ያመሻል። ካሜራ ደግኖ ከሚገባ እንግዳ ይልቅ አበባ ይዞ የሚገባ ይከበራል። እስከ ታኅሣሥ 14 ከቆያችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ የሚካሄደውን የፍጅል ቀረጻ ውድድር በዋናው አደባባይ ታያላችሁ። ፍጅሉ ስለሚጠወልግ ሁሉም በዚያው ምሽት ያልቃል።

ቆቦ ሜዳ፦
ቴኦቲትላን ዴል ቫዬ የተባለችውን የሸማኔዎች መንደር እንዳትዘልሏት፤ ወደ ትላኮሉላ ሲሄዱ መንገድ ላይ ናት። ቀዩን ቀለም የሚያወጡት ኮቺኒል ከተባለ፣ በእሾሃማው የቁልቋል በለስ ቅጠል ላይ ከሚኖር ተባይ ነው። ተባዩ ደርቆ ይፈጫል፤ ሎሚ ሲጨመርበት ወደ ብርቱካንማ ይለወጣል። በስፔን ዘመን ይህ ቀለም ከብር ቀጥሎ ከአገሪቱ ከሚወጡት ውድ ሸቀጦች አንዱ ነበር። እኛ ራያዎች ይኸው ተባይ ወደ አገራችን ገብቶ በለሳችንን ሲያደርቅ ስላየን በፍቅር ልናየው አንችልም፤ በለሱም ቢሆን መጀመሪያ የመጣው ከእነሱ አገር ነው። ሸማኔዎቹን የበለሱን ማሳ እንዴት ከጉዳት እንደሚጠብቁ ብትጠይቁልኝ ደስ ይለኛል።

ከኮምቦልቻ፦
አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ ቪዛ በፓስፖርቱ ላይ ያለው ሰው ለጉብኝት የሜክሲኮ ቪዛ አይጠየቅም፤ ሆኖም የምትቆዩበትን ቀን ወስኖ የሚጽፈው በመግቢያው ያለው መኮንን ነው፣ ከ180 ቀን አያልፍም። የቤት ኪራይ ውሉንና የመመለሻ ቲኬቱን አትማችሁ ያዙ፤ ደንብ ሊለወጥ ስለሚችል ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አዲስ አበባ ያለውን የሜክሲኮ ኤምባሲ ጠይቁ።