የአቃቂ ማሳዎች አፈር፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ላይ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የረቂቁ የመጀመሪያ መስመር «በአቃቂ ወንዝ የሚለሙ የአትክልት ማሳዎችን በጠቃሚ ተሕዋስያን ከከባድ ብረቶች እናጸዳለን» ይላል። ሐሳባችሁን ጻፉ።

የአፈር ባለሙያ አባል፦ ይህ መስመር እንዳለ ከሄደ እኔ አልፈርምም። ተሕዋስያን ናፍጣንና አንዳንድ የተባይ መድኃኒቶችን ሰባብረው ምግባቸው ያደርጋሉ። እርሳስና ካድሚየም ግን ንጥረ ነገር ናቸው፤ የሚሰባበሩ አይደሉም። ለገበሬው የማንፈጽመውን ቃል አንግባለት።

ክሮሚየም ላይ እውነተኛ ተስፋ አለ። ይህ ብረት በተለያየ መልክ ይገኛል፤ ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት በአብዛኛው ክሮሚየም 3 የሚባለውን ነው። አፈር ውስጥ ካለው ማንጋኒዝ ጋር ሲገናኝ ከፊሉ ክሮሚየም 6 ወደሚባለው ሌላ መልኩ ሊቀየር ይችላል። ይሄኛው በውሃ ይሟሟል፣ መርዝነቱም እጅግ የከፋ ነው። ከባሲለስና ከሱዶሞናስ ወገን ያሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች መልሰው 3 ያደርጉታል። ያኔ አፈሩ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ወደ ጎመኑ የሚወጣውም ይቀንሳል። ብረቱ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ናሙና ሲመረመር ጠቅላላ ክሮሚየም ብቻ ከተለካ፣ ሥራው ቢሳካ እንኳ ቁጥሩ አይለወጥም። ክሮሚየም 6ን ለይቶ ለሚለካ ምርመራ በጀት ይያዝ። ይህን የምለምነው በጣም ስለሚያስፈልገን ነው።

ገበሬ አባል፦ እኔ ቆስጣና ሰላጣ እየሸጥኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ሙከራ የሚደረግበት መደብ ምርቱ ይሸጣል? ካልተሸጠ የዚያ ዓመት ቀለቤ ከየት ይመጣል? ውሃውም ያው ወንዙ ነው። ከላይ ቆሻሻ እየጨመሩ ከታች ማጽዳት ልፋት ብቻ ነው።

የአፈር ባለሙያ አባል፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ይህን እኛ መጀመሪያ ማንሳት ነበረብን። የሙከራ መደቦቹ በጉድጓድ ውሃ ይጠጡ። ካድሚየም በዝቶ በሚገኝባቸው ላይ ደግሞ ቅጠላ ቅጠሉን ትተን አበባና የዛፍ ችግኝ እናፍላ። እነሱን የሚበላ ስለሌለ መሸጥ ይቻላል።

ኮምፖስት የምታዘጋጅ አባል፦ ረቂቁ ውስጥ ባክቴሪያ ከውጭ ይገዛ የሚለው ይቅር። በዚያ አፈር ዓመታት የኖሩት ክሮሚየሙን ለምደውታል፤ የሚጎድላቸው ምግብ ነው። እበትና ጭድ በደንብ አብላልተን እንስጣቸው። የከተማ ቆሻሻ ኮምፖስት ግን እንዳይገባ፤ እሱ ራሱ ብረት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለባቄላ ህያው ማዳበሪያ የተጠቀማችሁ ታውቁታላችሁ፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ ተሕዋሱ ይሞታል። የተገዛውም ዕጣው ያው ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ መስመሩን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «በአቃቂ የአትክልት ማሳዎች የክሮሚየም 6ን ጉዳት በአፈሩ የራሱ ተሕዋስያን እንቀንሳለን፤ የሙከራ መደቦቹን ከወንዙ ውሃ እንለያለን፤ ገበሬው ለሚያጣው ገቢ ካሳ እንከፍላለን።» ካሳው ከበጀቱ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ገብቷል። ጋሼ፣ የመደብዎን ስፋትና ባለፈው በጋ ያገኙትን ይጻፉልን፤ ሒሳቡን በእሱ እንጀምር።