የጋራ ልብ ወለዱ ማመልከቻ፦ የምዕራፍ 1 ጉዳይ

ሰብሳቢ፦ ማመልከቻው እስከ ሰኔ 30 አሳታሚው እጅ መግባት አለበት። አባቷ ዓድዋ ላይ የወደቀ የባላባት ልጅ፣ ርስቷን አጎቷ ቀምቷት፣ በምኒልክ አዲስ አበባ የሹማምንትን ግምጃ ቤት ትሰርቃለች። የሚያሳድዳት ሌባሻዩ፣ ማለትም ሌባ አፈላላጊው፣ መድኃኒት አጠጥቶ የሚለቀውን ብላቴና በመቀነት የሚይዘው ሰው ነው፤ ብላቴናው የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ምዕራፍ 1 ላይ ሺህ ብር ይዛ አጥር ትዘላለች። የሚስተካከል ካለ ዛሬውኑ።

የታሪክ ክፍል፦ አትዘልም። የዘመኑ ገንዘብ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ምስል ያለበት ብር፣ አንዱ 28 ግራም ነው፤ ሺሁ 28 ኪሎ።

የምዕራፍ 1 ጸሐፊ፦ እንስራ ሙሉ ውኃ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ለዚህ ታንሳለች?

የታሪክ ክፍል፦ እንስራ የምታዝለው ገረዷ ናት። የባላባት ልጅ ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ።

አርታኢ፦ ሦስት መቶ ይሁን፤ ስምንት ኪሎ ተኩል አይሞላም።

የምዕራፍ 1 ጸሐፊ፦ በሦስት መቶ ብር ርስት አይመለስም!

ገንዘብ ያዥ፦ ምኒልክ ያስቀረጹት ብርስ?

የታሪክ ክፍል፦ ክብደቱ ያው ነው። ባላገሩም የንግሥቲቱን ብር ነበር የሚመርጠው፤ የትከሻዋን ፈርጥ በጣቱ ዳስሶ፣ ያለቀ ከሆነ ይመልሰዋል።

የምዕራፍ 3 ጸሐፊ፦ ሁለት ቀን ሙሉ ሚዛን! ብላቴናው መድኃኒቱን ጠጥቶ እየተንገዳገደ እሷ ደጅ ላይ ሊወድቅ ሲል አሳዳጁ መቀነቱን ስቦ ወደ ጎረቤት ያዞረዋል። ያ ጎረቤት ያልሰረቀውን ይከፍላል። ኋላ እሷና አሳዳጁ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ፤ ፍርድ እስኪሰጥ አንዱ ሳይነሣ ሌላው ውኃ አይጠጣም። መጽሐፉ ይህ ነው። ስለ እሱስ ማን ጻፈ?

የምዕራፍ 1 ጸሐፊ፦ በቅሎ ትጨመርና ይለቅ።

የታሪክ ክፍል፦ በቅሎ ካለች ጫኝ አለ። ጫኙ አይቷታል፤ ምስክር ነው።

አርታኢ፦ ጫኙን ወድጄዋለሁ። ምዕራፍ 2 ይሰጠው።

የምዕራፍ 1 ጸሐፊ፦ አንድ ገጽ ያልጻፈ ሰው የሁለት ወር ሥራዬን አፈረሰው።

የታሪክ ክፍል፦ እንግዲያው የታሪክ ማስታወሻውን ራስህ ጻፍ። ወጥቻለሁ።

ሰብሳቢ፦ ማንም አይወጣም። ምዕራፍ 2ን እጽፋለሁ ያለው አባልስ የት ነው? ስልክም አያነሣም።

የምዕራፍ 1 ጸሐፊ፦ ቃሌ ከብዶህ ከሆነ ይቅር በለኝ። በቅሎዋ ግን ትቆያለች።

ገንዘብ ያዥ፦ መዋጮ የከፈለው ግማሹ አባል ነው። በዚህ ገንዘብ አሥራ ሁለት ምዕራፍ አይታተምም፤ አራት ቢሆን ነው።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው አራት ምዕራፍ፤ ተራኪው ጫኙ ይሁን። ስርቆቱን በምስክርነቱ ይናገር፤ አጥሩ ይቅር።

የምዕራፍ 3 ጸሐፊ፦ ፍቅሩን ጫኝ ሊተርከው? ቁራኛው ከወጣ ስሜን ከሽፋኑ አውጡ።

ሰብሳቢ፦ ቁራኛው ምዕራፍ 4 ነው። ማጠቃለያውን አርታኢው እስከ ዓርብ ይላክ።

አርታኢ፦ እኔ ዓርብ ከተማ ውስጥ የለሁም።

የታሪክ ክፍል፦ በቅሎዋ ስትጫን ብሩ በስልቻ ይሁን፤ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግራና ቀኝ። በአንድ ወገን ከሆነ ጭነቱ ይዞራል።