ባለቤቴ ፎርሙ ላይ «እችላለሁ» ብላ ጽፋ ድጎማው ተከለከልን፤ ምን ይሻላል?

ጠዋት ጠባቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ባለቤቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ አለባት። ከታወቀ 9 ዓመት ሆነው። ለሰው ስንናገር «ውይ፣ ቁርጥማት ነው? እኔንም ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ያመኛል» ይሉናል። እሱ አይደለም። የሰውነቷ መከላከያ ጠላት ያገኘ መስሎት የራሷን መገጣጠሚያ ነው የሚያጠቃው። በሁለቱም እጆቿ ጣቶችና አንጓ ጀመረ፤ አሁን እግሯ ድረስ ወርዷል። ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት በሳምንት አንድ ቀን ትወስዳለች። በማግስቱ ያቅለሸልሻታል። ያ ቀን ከቀን አይቆጠርም።

ልብስ ሰፊ ነበረች። መጀመሪያ መቀሱ ከበዳት። ቀጥሎ መርፌ መያዝ አቃታት። ከ2 ዓመት በፊት የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነችው፤ ከዚያ ወዲህ አልገለጠችውም።

የአካል ጉዳት ድጎማ እንጠይቅ ብዬ ብዙ ለመንኳት። «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ቃል ራሱ አልዋጥላት አለ። በስንት ጭቅጭቅ እሺ አለች። ፎርሙን ግን እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ብቻዋን ሞላችው። «ልብስዎን መልበስ ይችላሉ?» አዎ። «ራስዎን መታጠብ ይችላሉ?» አዎ። «ምግብ ማዘጋጀት ይችላሉ?» አዎ፣ ቀስ እያልኩ። ለቃለ መጠይቁም አምራ ነው የሄደችው። ጉትቻ አድርጋ። ጉትቻውን ያደረግኩላት እኔ ነኝ። የጫማዋን ክር ያሰርኩትም እኔ ነኝ። ይህን ግን የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም።

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን ያለ ሰው እገዛ እንደሚያከናውኑ ራሳቸው ገልጸዋል፣ ተስተካክለው ለብሰው ቀርበዋል ይላል። ውድቅ። ስታነበው አላለቀሰችም። «አየህ፣ ደህና ነኝ ማለት ነው» አለችኝና ሳቀች። ያ ሳቅ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ይግባኝ እንበል ወይስ እንደ አዲስ እናመልክት? እኔ ደሞዝ ያለኝ መሆኔስ ይጎዳታል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እሷን ሳላዋርድ እውነቱን እንዴት ነው የምጽፈው? ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እያማኋት ይመስለኛል።

ፎርም አዋቂ፦

አይዞህ ወንድሜ። ለእናቴ ስሞላ፣ ለጎረቤት ስሞላ፣ እኔ ራሴ ፎርም ሆኛለሁ።

በመጀመሪያ ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን እይ። ይግባኝ የጊዜ ገደብ አለው፤ ገደቡም ብዙ ጊዜ እዚያው ከታች በደቃቅ ጽሑፍ ተጽፏል። ዛሬውኑ ቁጠር። ማስረጃ ልሰብስብ ስትል ቀኑ እንዳያልፍህ። «ውሳኔውን አልተቀበልነውም፣ ማስረጃ እንጨምራለን» የሚል አጭር ደብዳቤ ቶሎ አስገባ። መቀበላቸውን የሚያሳይ ነገር በእጅህ ይኑር።

እንደ አዲስ ማመልከት የሚቀል ይመስላል። በብዙ ቦታ ግን ክፍያው የሚታሰበው ካመለከታችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። አዲስ ማመልከቻ ስታስገባ ያለፉትን ወራት በገዛ እጅህ ለቀቅክ ማለት ነው። ሁኔታዋ ከዚያ ወዲህ ብሶ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ሌላው፣ ቃለ መጠይቅ ያደረገላት ሰው የጻፈውን ሪፖርት ቅጂ ጠይቅ። ውድቅ ያደረጋት ደብዳቤው ሳይሆን ሪፖርቱ ነው። እዚያ ውስጥ «ቦርሳዋን ራሷ ይዛ ገባች» የምትል አንዲት መስመር ታገኝ ይሆናል። ቦርሳው ክንዷ ላይ ተንጠልጥሎ ከነበር ያንን ትጽፋለህ።

የደሞዝህ ነገር እንደ ድጎማው ዓይነት ነው። ሠርታ ሳለች ከከፈለችው መዋጮ የሚመጣ ከሆነ የሷ መብት ነው፤ ያንተ ገቢ ብዙውን ጊዜ አያገባውም። በግሏ ትሠራ ከነበር መዋጮ ተከፍሎላት እንደሆነ አጣራ። የቤቱን ገቢ እያየ የሚሰጥ ከሆነ ግን ያንተም ይቆጠራል። በሽታው ለሚያስከትለው ተጨማሪ ወጪ ተብሎ፣ ገቢ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ሦስተኛ ዓይነት ያለባቸው አገሮችም አሉ። ሰዎች ሦስቱን እያምታቱ «ባሏ ይሠራል፣ አይሰጧትም» ብለው ስንቱን ሳያመለክት አስቀርተዋል። ለተንከባካቢ የሚሰጥ ነገር ካለም ጠይቅ፤ ያ ደግሞ ያንተ ነው።

ቃሉ አልዋጥ ላላት፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀ። አንቀጽ 28 ማኅበራዊ ጥበቃን መብት ነው ይላል። እናቴ «ልመና አልወጣም» ስትል ይህን አነበብኩላት። ባትስማማም ፈረመች።

ቀልጣፋው፦

ምን ታካብዳለህ? ሁሉንም «አልችልም» በልና ጻፍ። አልጋ ላይ ናት በል፣ አለቀ። ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው።

ጣቶቼ፦

ቀልጣፋው፣ እውነተኛውን በሽተኛ የሚያስጠረጥረው እንዲህ ያለው ምክር ነው። አልጋ ላይ ናት ብሎ ጽፎ፣ ደህና በሆነችበት ቀን ደጅ ስትወጣ ቢያዩዋት እውነቱም ሁሉ አብሮ ውሸት ይሆናል። ደግሞስ ለምን ይዋሻል? እውነቱ መች አነሰና!

ጠዋት ጠባቂ፣ እኔ ራሴ ከዚህ በሽታ ጋር 14 ዓመት ኖሬያለሁ። ባለቤትህ ለምን «አዎ» እንዳለች ልንገርህ። አልዋሸችም። «ይችላሉ?» ተብላ ተጠየቀች። እኛ ደግሞ በየጠዋቱ ከአልጋ የምንወርደው ለራሳችን «ትችያለሽ» እያልን ነው። ፎርም ላይ «አልችልም» ብሎ መጻፍ ያን ገመድ በገዛ እጅ እንደመበጠስ ነው። ስለዚህ እንደዚያ እንድትጽፍ አትግፋት። ጥያቄው ራሱ ነው ጎዶሎ። የቀረውን አንተ ሙላው።

እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስሞላ ስለ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ብቻ ጻፍኩ። እንዲህ አልኩ፦ «የሸሚዝ ቁልፍ እቆልፋለሁ። ከነቃሁ በኋላ ግን ጣቶቼ እስኪፍታቱ ከአንድ ሰዓት በላይ እጠብቃለሁ። ከዚያ አንዱን ቁልፍ ሦስት አራት ጊዜ እስታለሁ። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ስደርስ አውራ ጣቴ ሥር እሳት ስለሚሆንብኝ አቆማለሁ። የቀረውን ልጄ ትቆልፍልኛለች። በዚያው ቀን ሸሚዝ መቀየር ካለብኝ አልቀይርም።» ይኸው ነው። አንድም የተጋነነ ቃል የለበትም። ስንት ሰዓት ፈጀ? ስንት ጊዜ ሳተች? ማን ጨረሰላት? ያንኑ ደግማ ትችላለች? ከዚያ በኋላ ምን ሆነች? በየተግባሩ ይህን ጠይቅ።

ቀኑ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ሲነሳብኝ በሩን መክፈት ያቅተኛል፤ ሲለቀኝ መጽሐፍ ይዤ አነባለሁ። ሁለቱንም ጻፍ። ለአንድ ወር ያህል ማስታወሻ ያዝና በሳምንት ስንት ቀን ምን እንደሆነች ይታይ። የድካሙን ነገር እንዳትረሳ። እንቅልፍ የማይነካው ድካም ነው። አንዳንዴ ከሕመሙ እሱ ይብሳል፤ በዓይን ስለማይታይ ግን ማንም አይጽፈውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የምትሠራውን ብቻ አትይ፣ የተወችውን እይ። ቁምሣጥኗን ክፈት።

ነርስ ነኝ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። የሐኪም ማስረጃውን በተመለከተ ትንሽ ልበል።

«ሩማቶይድ አርትራይተስ አለባት፣ ክትትል ላይ ናት» የሚል የሁለት መስመር ወረቀት ብዙ አይፈይድም። ውሳኔ ሰጪው የበሽታውን ስም አልካደም፤ የማያውቀው ምን እንደነጠቃት ነው። ሐኪሙ ደግሞ ቤታችሁ ገብቶ አላየም። የያዝከውን ማስታወሻ አሳየውና ስለምትችለውና ስለማትችለው እንዲጽፍ ጠይቀው።

«ሃክ» (HAQ) የሚባል፣ በሽተኛው በዕለት ተዕለት ተግባሩ ምን ያህል እንደሚቸገር የሚለካ መጠይቅ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። 20 ጥያቄዎች በ8 ዘርፍ፦ መልበስ፣ መነሳት፣ መብላት፣ መራመድ፣ ንጽሕና፣ እጅ ዘርግቶ ማውረድ፣ መጨበጥ፣ የዘወትር ሥራ። መልሱ አዎ ወይም አይደለም አይባልም። ያለ ችግር ከሆነ 0፣ በመጠኑ ከተቸገረች 1፣ በብዙ ከተቸገረች 2፣ ጨርሶ ካልሆነላት 3 ነው። ለናንተ የሚጠቅመው ደግሞ ይሄ ነው፦ በአንድ ዘርፍ የሰው እርዳታ ወይም አጋዥ ዕቃ የምትጠቀም ከሆነ፣ በራሷ መልስ 0 ወይም 1 ብታገኝም ወደ 2 ከፍ ይደረጋል። ያንተ የጫማ ክር ማሰር እዚያ ይቆጠራል። ክሊኒኩ እንዲያስሞላት ጠይቅ።

እግሯም ታሟል ብለሃል። ሐኪሞች በሽታውን ለመከታተል 28 መገጣጠሚያ የሚቆጥሩበት መለኪያ አላቸው። ቁርጭምጭሚትና የእግር ጣት እዚያ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ወረቀቷ ላይ «በሽታው ረግቷል» ተብሎ ሳለ እግሯ እያነከሰ ሊሆን ይችላል። የእግሯ ነገር ለብቻው ይጻፍላት። የደም ምርመራውም እንዲሁ ነው። ሲአርፒው (በደም ውስጥ ብግነትን የሚያሳየው ልኬት) ወረደ ማለት የአሁኑ ብግነት በረደ እንጂ የተበላው አጥንት ተመለሰ ማለት አይደለም። ራጅ ካላችሁ አያይዙ።

ጠዋት ጠባቂ፦

ተመልሻለሁ። አጭሯን ደብዳቤ አስገባሁ፤ 11 ቀን ነበር የቀረኝ። ሪፖርቱንም ጠይቄያለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ምንም ላልረዳት ተስማማን። ሰዓቴን ይዤ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ነቅታ 35 ደቂቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ቆየች፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ አድርጋ። የጥርስ ሳሙናውን ክዳን በጥርሷ ፈታችው። ቧንቧውን በክርኗ ገፋችው። ካልሲ ለማጥለቅ 6 ደቂቃ ፈጀባት፤ አንደኛውን ብቻ። ሁለተኛውን ተወችውና ባዶ እግሯን ጫማ ውስጥ ከተተችው። በር ላይ ስትደርስ አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ አልፎ ነበር። ሦስት ጊዜ ልነሳ ብዬ ሦስቴም በዓይኗ አስቀመጠችኝ። 9 ዓመት አብሬያት ስነሳ ይህን አላየሁም ነበር፤ ለካ እጄ ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው።

ጣቶቼ፣ ቁምሣጥኑን ከፈትኩት። ቁልፍ ያለው ልብስ የለም። ዚፕ ያለውም የለም። ሁሉም ላስቲክ ነው። ራሷ የሰፋቻቸው ቀሚሶች፣ ከኋላ በተራ የሚቆለፉት፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ በፌስታል ተቀምጠዋል። መቼ እንዳወጣቻቸው አላውቅም። አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ይህን ሁሉ ሁለት ገጽ አድርጌ ጻፍኩና አስቀድማ እንድታየው ሰጠኋት። ገጹን በመዳፏ ጠርዝ እየገፋች ነው የገለጠችው (እሱንም መጻፍ ነበረብኝ)። ብዙ ቆየች። «እንዲህ ነኝ እንዴ?» አለች። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ከዚያ ብዕር አምጣ አለችኝ። ታጠፋዋለች ብዬ ነበር። እኔ «ፀጉሯን በየቀኑ የማበጥርላት እኔ ነኝ» ብዬ ከጻፍኩት ሥር፣ በዚያ በተጣመመ ጽሕፈቷ አንድ መስመር ጨመረች፦ «ማበጠር ግን አይችልበትም፤ ይነጨኛል።»

ላጥፋው ወይስ እንዳለ ይግባ?

ጣቶቼ፦

እንዳለ ይግባ! ማበጠሪያውንም ሰፋ ባለ ጥርስ ቀይርላት።