ለጆርናሊንግ ጀማሪዎች፦ ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር?

«የመጽሐፍ ቅዱስ ጆርናሊንግ ልጀምር ነው፤ ምን ልግዛ?» የምትል መልእክት በዚህ ወር ብቻ አራት ጊዜ ደረሰችኝ። ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ዝርዝሩን የፈለገ ይከተለኝ። ተራ ባለመስመር ደብተር፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ ደህና እስክሪብቶ፣ እና እጃችሁ ላይ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ። አለቀ። ለሦስት ወር ሌላ ነገር እንዳትገዙ።

እኔ የጀመርኩት በተቃራኒው ነበር። ሃያ አራት ቀለም ማርከር፣ ስቲከር፣ ማኅተም፣ ጌጠኛ ፕላስተር፣ ምኑ ቅጡ። ጠረጴዛው ሞላ፣ ንባቡ ቀረ። አንድ ጠዋት «ጸጋ» የምትል ቃል በአበባ ስከብብ አርባ ደቂቃ ሄደ። ምዕራፉ ስለ ምን እንደሚያወራ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር አፌን ይዤ እቀር ነበር።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው፦ ጆርናሊንግ ማለት እያነበቡ መጻፍ ነው። ክፍሉ ምን አለ፣ ምኑ ገባኝ፣ ምኑ ከበደኝ፣ ለጌታ ምን አልኩት የሚለውን በወረቀት ላይ ማስፈር። አንዳንዱ ሥዕል ይጨምርበታል። አንዳንዱ ጽሑፍ ብቻ ነው። «ሥዕል ስለማልችል ለእኔ አይሆንም» የሚሉ አሉ። እኔ በግ ስሥል ደመና ነው የሚመስለው። እስካሁን ማንም አልከሰሰኝም።

የት ላይ ይጻፍ?

ምርጫዬ ደብተር ነው። ቦታ አይጠብም። የተበላሸ ገጽ ይቀደዳል። ደግሞ ማንም አያየውም ብላችሁ እውነቱን ትጽፋላችሁ። ጉድለቱ ማስታወሻው ከቃሉ ተለይቶ መቀመጡ ነው። ከዓመት በኋላ ፊልጵስዩስ 4ን ስታነቡ፣ ያኔ የጻፋችሁት የትኛው ደብተር ውስጥ እንደገባ ይጠፋባችኋል። እኔ ያገኘሁት መላ ቀላል ነው። የደብተሩን ገጾች ቁጥር እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ፣ ከቁጥሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ኅዳግ «ደ2፣ 31» ብዬ በእርሳስ አስቀምጣለሁ፤ ደብተር ሁለት፣ ገጽ 31 ማለት ነው። ከገዛሁት ጌጥ ሁሉ የጠቀመችኝ ይቺ ምልክት ናት።

ደብተር ስትመርጡ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ በራሱ የሚተኛ ይሁን፤ በአንድ እጅ እየያዙ መጻፍ ያሰለቻል። ሁለተኛ፣ ቀን የታተመበት የጥሞና ደብተር አትግዙ። ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ሳምንት ስትታመሙ ወይም ሥራ ሲበዛባችሁ ሰባት ባዶ ገጽ ይጠብቃችኋል። ከባዶው ገጽ ለመሸሽ ብለው ጭራሽ የተዉ ሰዎች አሉ። ቀኑን ራሳችሁ ብትጽፉ የዘለላችሁት ቀን አይታይም።

ሁለተኛው አማራጭ ሰፊ ኅዳግ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ክሮስዌይ የተባለው አሳታሚ የሚያወጣው የኢኤስቪ (የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው) ጆርናሊንግ እትም የታወቀ ነው፤ ከጽሑፉ ጎን አምስት ሳንቲሜትር ገደማ ባለመስመር ባዶ ቦታ አለው። ውበቱ ማስታወሻውና ቃሉ አንድ ገጽ ላይ መሆናቸው ነው። ከዓመታት በኋላ ስትገልጡት የራሳችሁን እጅ ጽሑፍ ከቁጥሩ ጎን ታገኙታላችሁ። ግን ኅዳጉ ቦታውን ከየት አመጣው? ከፊደሉ። እንዲህ ዓይነት እትሞች ብዙ ጊዜ ፊደላቸው ደቃቅ ነው። እኔ አንዱን ፎቶውን ብቻ አይቼ አዘዝኩ። ሻጩ ስለ ፊደሉ መጠን አንዲት ቃል አልጻፈም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሲደርሰኝ በስልክ ባትሪ እያበራሁ ነበር የማነበው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የፊደሉን መጠን ጠይቁ፤ ከተቻለ አንድ ገጽ በዓይናችሁ እዩ።

በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔ ግን በጣም ወድጄዋለሁ። አንድ መጽሐፍ ብቻ፣ ለምሳሌ ማርቆስ ወይም ሩት፣ እንደ ትንሽ ደብተር ተጠርዞ በግራ ገጽ ቃሉ፣ በቀኝ ገጽ ባዶ መስመር። ክሮስዌይ በእንግሊዝኛ እንዲህ አድርጎ ያትማል። በምታነቡበት ቋንቋ ካላገኛችሁ ምዕራፉን በትልቅ ፊደል፣ በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ አትሙና አስጠርዙት። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሰባኪው ጆናታን ኤድዋርድስ ገጾቹ ተፈትተው በሰፋፊ ባዶ ወረቀቶች መካከል የተጠረዙ ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1730 ጀምሮ ከ5,000 በላይ ማስታወሻ ጻፈበት። ያለ አንዲት ስቲከር።

ስልክና ታብሌትስ? ዩቨርዥን የሚባለው አፕ ነጻ ነው፣ የአማርኛ ትርጉምም አለው። ቁጥሩን ነክታችሁ ታቀልማላችሁ፣ ማስታወሻ ትጽፋላችሁ። ጉድኖትስ በሚባለው የማስታወሻ አፕ ላይ ደግሞ ፒዲኤፍ አስገብቶ በስታይለስ፣ ማለትም በስክሪን እስክሪብቶ፣ መጻፍ ይቻላል። ለመንገደኛ፣ ወይም ፊደል ማጉላት ለሚያስፈልገው ሰው አሪፍ ነው። የእኔ ችግር ሌላ ነው። መዝሙር ከፍቼ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ሳልደርስ መልእክት ብቅ ትላለች፣ እሷን ላጥፋ ብዬ እገባና በዚያው እቀራለሁ። ራሱን የሚገዛ ሰው ይጠቀምበት።

በምን ይጻፍ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን እወቁት። ተራ የማተሚያ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል። የመጽሐፍ ቅዱስ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ከ28 እስከ 40 ግራም ነው፤ ግማሹ ወይም ከዚያ በታች። ስለዚህ ሁለት ነገር ይገጥማችኋል። አንዱ ጥላ ነው፦ የጻፋችሁት በጀርባው ገጽ ደብዝዞ ይታያል። እሱን ቻሉት፤ ከታተመው ጽሑፍ ጀርባ ያለውም እኮ ጥላው ይታያል። ሌላው ማሳለፍ ነው፦ ቀለሙ ወረቀቱን በስቶ ጀርባው ላይ ይወጣል። የምንሸሸው ይህን ነው።

እኔ አልሸሸሁትም። ሮሜ 8፥28ን በቀይ ማርከር አሰመርኩ። ደስ ብሎኝ ገጹን ስገልጥ ሦስት ቀይ ነጠብጣብ ምዕራፍ 9 መጀመሪያ ላይ፣ ጳውሎስ ስለ ወገኖቹ ያለበትን ኀዘን የሚናገርበት ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። በላጲስ ሞከርኩ፣ ወረቀቱ ሳሳ። ተውኩት። አሁንም ድረስ አሉ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ይኸው። ተራ እርሳስ ለጀማሪ የሚያክለው የለም። ኤችቢ የሚል የተጻፈበት መካከለኛው ይበቃል፤ በጣም ለስላሳው ይጨማለቃል፣ በጣም ጠንካራው ወረቀቱን ይቧጭራል። ተራ እስክሪብቶ ሰው ይንቀዋል እንጂ ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ በቀላሉ አያሳልፍም። ክፋቱ ስትጫኑት በጀርባ በኩል መስመሩ መቆርቆሩ ነው። ከገጹ ሥር ጠንከር ያለ ካርቶን አድርጉበት።

ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ለፒግመንት እስክሪብቶ አውጡ። ታዋቂው የሳኩራ ፒግማ ማይክሮን ነው። ተራው የማርከር ቀለም ሟሙቶ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ የዚህኛው ደግሞ ደቃቅ ብናኝ ስለሆነ ላይ ላዩን ይደርቃል። ውኃ ቢነካው አይለቅም፣ ቶሎም አይደበዝዝም። 005 የሚለው 0.20 ሚሊሜትር፣ 01 የሚለው 0.25 ሚሊሜትር ይጽፋል፤ ለጠባብ ኅዳግ እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። እጁ ከባድ የሆነ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ ጫፏ ስስ ስለሆነች ከተጫኗት ትገባለች።

በሙቀት ስለሚጠፋው እስክሪብቶ፣ ስለ ፓይለት ፍሪክሲዮን፣ ሁለት ሰው ጠይቆኛል። ስህተት ማረም መቻሉ ያጓጓል። ነገር ግን ቀለሙ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንዲጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ደብተር ባዶውን ሊጠብቃችሁ ይችላል። ለሸመታ ዝርዝር ይሁን፤ ለጸሎት ማስታወሻ አልመክረውም።

ለማቅለም፦ ፈሳሽ ሃይላይተር ይቅር። ባለቀለም እርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ በጎኑ። ቢጫና ሰማያዊ ብቻ ቢኖራችሁ ይበቃል። እንደ ሊፕስቲክ የሚሽከረከረው ጄል ሃይላይተርም ደረቅ ስለሆነ አያሳልፍም፤ ጫፉ ደንደን ስለሚል ግን ጎረቤቱን ቁጥር ጨምሮ ያቀልማል። ሲሞቅም ፊት ለፊቱ ያለውን ገጽ ይነካካል። የውኃ ቀለም ስስ ወረቀት ያሸበሽባል። ጄሶ የሚሉትን የሠዓሊዎች ነጭ መደብ ቀለም ገጹ ላይ ቀብተው የሚሥሉ ጎበዞች አሉ፤ እሱ የሥዕል ትምህርት ነው፣ ለጀማሪ አይሆንም። ስቲከር ሲበዛ መጽሐፉ ያብጣል፣ ጀርባው ይሰነጠቃል።

ምንም ብትገዙ መጀመሪያ መጨረሻ ላይ ባለው ባዶ ገጽ ሞክሩት። አንድ አጭር መስመር ጻፉ፣ አጠገቡ የእስክሪብቶውን ስም አስቀምጡ፣ አሥር ሰከንድ ቆጥራችሁ በጣት እሹት፣ ከዚያ ጀርባውን እዩ። የእኔ የመጨረሻ ገጽ ላይ አሥራ አንድ መስመር አለ። አራቱ ብቻ ፈተናውን አልፈዋል።

«መጽሐፍ ቅዱስ ላይ መጻፍ ድፍረት አይደለም ወይ?» ያለችኝ እህት ነበረች። ልብሽ ካልፈቀደ ደብተር አለልሽ፣ ማንም አያስገድድሽም። ለእኔ ግን የባኽ መጽሐፍ ቅዱስ ነገር ልቤን አሳርፎታል። ሙዚቀኛው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ማብራሪያ ያለው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረው፤ ስሙንና 1733 የሚለውን ዓመት ጽፎበታል። 2 ዜና መዋዕል 5 ላይ፣ ዘማሪዎቹ ሲዘምሩ ቤቱ በደመና በተሞላበት ክፍል ጎን፣ በአክብሮት የሚቀርብ ዜማ ባለበት እግዚአብሔር በጸጋው እንደሚገኝ በእጁ አስፍሯል። ቅጾቹ ዛሬ በሴንት ሉዊስ ኮንኮርዲያ ሴሚናሪ ተቀምጠዋል። የሥራውን ትርጉም እዚያች ኅዳግ ላይ ያገኘ ነው የሚመስለኝ።

ምን ይጻፍ?

የታወቀው መንገድ አራት እርከን አለው፦ ቃሉ፣ ምልከታ፣ ተግባር፣ ጸሎት። ከክፍሉ አንድ ቁጥር ትገለብጣላችሁ፣ ያስተዋላችሁትን ትጽፋላችሁ፣ ዛሬ ምን ላድርግ ትላላችሁ፣ በጸሎት ትዘጋላችሁ። ጥሩ ነው፤ በተለይ ባዶ ገጽ ለሚያስፈራው ሰው። «ተግባር» የምትለዋ ግን አንዳንዴ ታስዋሻለች። በየቀኑ አዲስ ውሳኔ ከየት ይመጣል? ስለዚህ እኔ ሳይመጣልኝ ሲቀር ባዶ እተወዋለሁ።

ዝም ብሎ መገልበጥን ብዙዎች ይንቁታል። ዘዳግም 17፥18 ላይ ግን ንጉሡ ሲነግሥ የሕጉን ቅጂ ለራሱ እንዲጽፍ ይታዘዛል። ጸሐፊ እያለው! እጅ ከዓይን ይልቅ ቀርፋፋ ስለሆነ ዓይን የዘለለውን ይይዛል። መዝሙር 13ን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እንጃ። በእጄ የገለበጥኩት ቀን ነው ዳዊት በሁለት ቁጥር ውስጥ አራት ጊዜ «እስከ መቼ» ማለቱን ያየሁት። አራተኛዋን ስጽፍ እጄ ደከመ። ከዚያ መጨረሻው ላይ እዘምራለሁ ይላል፤ በመካከሉ ምን ተለወጠ? ምንም የተለወጠ ነገር አልተጻፈም። ያን ቀን ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይህችን ጥያቄ ብቻ ነው። ሥሯ ሦስት መስመር ባዶ ትቻለሁ፤ እስካሁን አልሞላሁትም።

ለመጀመሪያ ሳምንት እሱን መዝሙር እመክራለሁ፤ አጭር ነው፣ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ከዚያ ፊልጵስዩስ፤ አራት ምዕራፍ ነው። መዝሙር 119ን ለጊዜው እለፉት፤ 176 ቁጥር ነው፣ ደብተሩም እናንተም ታልቃላችሁ።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። እኔ ግራኝ ነኝ። ስጽፍ መዳፌ በጻፍኩት ላይ ስለሚያልፍ ጄል እስክሪብቶ ሁሉ ይጨማለቅብኛል፤ ጥሞና ጨርሼ የእጄ ጎን ጠቁሮ ነው የምነሳው። ሽቦ ያለው ደብተርም እጄን ይወጋኛል። ከመካከላችሁ ግራኝ ካለ፣ ቶሎ የሚደርቅ ምን አገኛችሁ? እርሳስ አትበሉኝ፣ እሱም ያጠቁራል።