በ1990ዎቹ ድሬ ላይ የምር ምን ነበር የምንለብሰው?

የከዚራ ልጅ፦

ሰላም የድሬም የሐረርም ልጆች፣ እንዴት ናችሁ አቦ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። የሁለተኛ ደረጃ ጓደኞቼ ድሬ ላይ ለመገናኘት ተቀጣጥረናል። አንዷ ብድግ አለችና "ሁሉም ሰው ያኔ ይለብሰው የነበረውን ለብሶ ይምጣ" አለች። ግሩፑ በሳቅ ተናወጠ፣ እሺም ተባለ። አሁን ሳስበው ግን ጭንቅ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል የገባነው መስከረም 1991 ነው፣ የፈረንሳዩ ዓለም ዋንጫ ካለቀ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት። ክፍላችን በቢጫ የብራዚል ማልያ ተሞልቶ ነበር፣ ከጀርባው 9 ቁጥርና ሮናልዶ የሚል። ብራዚል ፍጻሜው ላይ 3 ለ 0 ተሸንፋ እንኳ ማልያውን ያወለቀ የለም። ከሥር ባጊ ጂንስ። እንዴት ያለ ባጊ መሰላችሁ፣ ጫፉ ተረከዝ ሥር እየገባ፣ እየተረገጠ፣ ክሩ እየተተለተለ። እናቴ "ይሄ ልጅ ከተማውን ጠርጎ ነው የሚመጣው" ትለኝ ነበር። ቱፓክ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ፊቱ ያለበት ቲሸርት ግን ገና ትኩስ ነበር።

ግራ ያጋባኝ ፎቶዎቹ ናቸው። የድሮ አልበም አውጥቼ ሳይ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር የተነሳኋቸው ላይ በሙሉ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ለብሻለሁ። በድሬ ሙቀት! ያውም ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና። ጃኬት እንደነበረኝ ደግሞ ጭራሽ ትዝ አይለኝም። ወንድሜ "እናንተ የአዲስ አበባ ልጆችን ነበር የምትኮርጁት" ይለኛል፣ ይሄን አልቀበልም።

ታዲያ ምን ልልበስ? ከየትስ ይገኛል? ሴቶቹስ፣ ያኔ ቀና ብለን ለማየት እንኳ ድፍረቱ አልነበረንም፣ ምን ነበር የምትለብሱት?

ሳቢያን ነኝ፦

ሃሃሃ፣ ጃኬቱማ የአንተ አይደለም ወንድሜ። የፎቶ ጃኬት ነበር። በየሰፈሩ አንድ የቆዳ ጃኬት ነበረች፣ ባለቤቱም ወይ ጅቡቲ ዘመድ ያለው ነው ወይ የሹፌር ወንድም። ፎቶ የሚነሳ ሁሉ ይዋሳታል። የእኔ ሁለት ወንድሞች ያቺኑ አንዷን ጃኬት ለብሰው የተነሱት ፎቶ አሁንም እናታችን ቤት ግድግዳ ላይ አለ፣ አንዱ ላይ እጅጌው ጣቱን ሸፍኖታል፣ ሌላው ላይ አንጓው ጋ እንኳ አልደረሰም። ስለዚህ ፎቶ አትመን።

ዋናው ልብሳችን አልበም ውስጥ አይገኝም። ከትምህርት ቤት መልስ ዩኒፎርም ይወልቅና ወንዶቹ ሽርጥና ነጠላ ጫማ፣ እኛ ድሪያ፣ ያ ስስና ሰፊ ቀሚስ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድሬ ላይ ማን ነው ጂንስ ለብሶ የሚቀመጠው? ጂንስ የሚወጣው አመሻሽ ላይ ነፋሱ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ነበር ሰው ሁሉ ሽክ ብሎ ከዚራ የሚወርደው።

ሴቶቹ እንግዲህ ጠባብ ቦዲ፣ ከታች ሰፋ የሚል ጂንስ፣ ሶሉ ይሄን የሚያህል ጫማ። ጫማው ቁመት ይጨምራል እንጂ አያስኬድም። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ በአሸዋው ስናቋርጥ አውልቀን በእጃችን ይዘን ነበር የምንሻገረው፣ ማዶ ስንደርስ አሸዋውን አራግፈን እንደገና እናደርጋለን፣ ከዚያ ዝነጣው ይቀጥላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወገቡ ዝቅ ያለ ጂንስ መጣ። ከቤት ስንወጣ ከላይ ረጅም ሸሚዝ፣ ጥግ ስንዞር ሸሚዙ ቦርሳ ውስጥ። እናቶቻችን አያውቁም ብለን ነው።

ለወንድምህ ደግሞ ታይዋን ገበያ የት ከተማ ነው በልልኝ። ዕቃው ከጅቡቲም ከሶማሌም በኩል ሲመጣ መጀመሪያ የሚያርፈው እኛ ጋ ነበር። አክስቴ ከታይዋን ገዝታ አዲስ አበባ እየወሰደች ትሸጥ ነበር። አዋሽ ኬላ ሻንጣ ይፈተሻል፣ የለበስሽው ግን የራስሽ ነው። አንዴ እኔንም ሦስት ጂንስ ደራርባ አልብሳ፣ ከላይ ሰፊ ቀሚስ ጨምራ ይዛኝ ሄደች። ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎ የአውቶብሱን ደረጃ ተገፍቼ ነው የወጣሁት። አዋሽን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ላቡ እግሬ ሥር ጠብ ጠብ ይላል። ፈታሿ አየት አደረገችኝና "ይቺ ልጅ ከወገቧ በታች ብቻ ነው እንዴ የወፈረችው?" ብላ ስቃ አሳለፈችን። ያ ጂንስ አዲስ አበባ ገብቶ ፋሽን ተባለ። ማን ነው ማንን የኮረጀው?

የባቡር ሠራተኛ ልጅ፦

ልጆች፣ ይሄ የማን ቀደመ ክርክር እኮ ከእናንተ በፊት የተዘጋ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ነው፣ አዲስ አበባ እስኪደርስ ሌላ 14 ዓመት ፈጅቶበታል። ጨርቁም፣ ባርኔጣውም፣ ጫማውም እኛ ጋ ወርዶ ነው ወደ ላይ የሄደው።

የእኔ ጊዜ 1967 ነው፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ቤልቦተም። ጭን ላይ ጥብቅ ብሎ ከጉልበት በታች የሚበተን፣ ጫማውን ጨርሶ የሚሸፍን። ሸሚዙ ኮሌታው ትከሻ ሊደርስ ምንም አይቀረው። አፍሮ እንደ ሰውየው ቢሆንም የእኔ ከበር ጋር ይጋጭ ነበር። ጨርቁ ከጅቡቲ የመጣ ቴትሮን ነው፣ ላብ የማይመጥ፣ በዚያ ሙቀት ራስን መቅጣት ማለት ነው፣ ግን ተኩሶ አንዴ መስመር ከያዘ ሳምንቱን ሙሉ መስመሩ አይጠፋም። አባቴ የሱሪዬን ጫፍ እየሳበ "ከዚህ እኮ ለታናሽህ ቁምጣ ይወጣ ነበር" ይለኛል። ምድር ባቡር ለብዙ ዓመት ያገለገለ ሰው ነው፣ ከካኪ ሌላ ልብስ አያውቅም ነበር።

1969 ላይ የሶማሌ ጦርነት መጣ፣ የባቡሩ መስመር ተቆረጠ፣ ነሐሴ ላይ ውጊያው ድሬ ድረስ ደረሰ። ከጅቡቲ የሚመጣ ነገር ቀረ። አፍሮው ተላጨ፣ እኛም ካኪ ለበስን። የዚያን ዘመን ወሬ በልብስ ማውራት ደስ አይለኝም፣ ልለፈው።

አዲስ ከተማ ያደግኩ፦

ሁላችሁም ስለ ጂንስ ታወራላችሁ። እኔ የነበረኝ አንድ የዩኒፎርም ሱሪ ነው። ማታ ይታጠባል፣ ለድሬ ሙቀት ምስጋና ይግባውና ሳይነጋ ይደርቃል፣ ከዚያ ፍራሽ ሥር ገብቶ በእኔው ክብደት ይተኮሳል። ተገላብጬ ያደርኩ ቀን ሁለት መስመር አውጥቶ ይጠብቀኛል። አዲስ ልብስ በዓመት አንዴ ነበር፣ እሱም "ያድግበታል" ተብሎ በልኬ ሳይሆን በሚቀጥለው ዓመት ልኬ ይገዛል። ባጊ ፋሽን ሲሆን ደስ ያለኝ እኔን ነው፣ የታላቅ ወንድሜን ሱሪ ለብሼ ዘናጭ ተባልኩ!

ቀልዱን ትቼ ግን፣ ለዝግጅቱ "ያኔ የለበሳችሁትን" ማለት አንዳንዱን ሰው ያሳቅቃል። አሁን ሁሉም ደህና ሊሆን ይችላል፣ ግን ያኔ ማን ምን እንዳልነበረው ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። የፈለገ በዩኒፎርም ይምጣ በሉ። ዩኒፎርም ሁላችንም ነበረን።

የከዚራ ልጅ፦

ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ እውነትህን ነው። ግሩፑ ላይ አሁኑኑ እጽፈዋለሁ። ሳቢያን፣ ስለ ጃኬቱ ስቄ ሞትኩ፣ ለካ ሦስቱም ፎቶ ላይ ቀኝ ኪሱ የተቀደደ ነው፣ አሁን ነው ያየሁት። ጋሼ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ዕድሜ ይስጥልን፣ የ1895ቷን ለወንድሜ ልኬለታለሁ። እስካሁን መልስ የለም። እኔ በባጊው ልጸና ነው፣ ግን ሱቆቹ ውስጥ ያለው በሙሉ እግር ላይ የሚጣበቅ ነው።

የመኪና ግርግር ልጅ፦

ከሐረር ነኝ። መጀመሪያ የጃኬቱን ጉዳይ ላስተካክል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ስትመጡ ለምን እንደምንደርብ ይገባችኋል። እኛ ጃኬት የለበስነው ስለሚበርድ ነው፣ እናንተ ላይ ሲሆን ነው ያስቀው።

አባቴ ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊ ነበር፣ እኔም ከጎኑ ቁጭ ብዬ ነው ያደግኩት። እዚያ የተቀመጠ ሰው ፋሽንን ከሁሉ ቀድሞ ያውቃል፣ ምክንያቱም አዲስ ሱሪ የሚገዛው ጥቂት ሰው ነው፣ ሌላው ያለውን ነው የሚያስተካክለው። ሰፊ ሱሪ ፋሽን በሆነበት ዘመን ሥራው የጎን ስፌቱን ከጉልበት በታች ፈትቶ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ማስገባት ነው። ወደ 2000 ላይ ስኪኒ ሲመጣ ያው ሰው ያንኑ ሱሪ ይዞ ተመለሰ፣ አጥብበው ብሎ። ተማሪዎቹ ደግሞ ዩኒፎርማቸውን እግር እስከማያስገባ ድረስ ያስጠብቡ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በር ላይ በምላጭ ስፌቱን ይተረትረዋል፣ በማግስቱ ልጁ አባቴ ጋ ነው። አባቴ ያንን ጥበቃ በጣም ይወደው ነበር። እናቴ ግን በስኪኒው አልተደነቀችም። ቁርጭምጭሚት ላይ ጥብቅ የሚለውን ገናፊ ሴቶቻችን ከቀሚስ ሥር ከጥንት ይለብሱታል፣ "ወንዶቹ ዛሬ ደረሱበት" ነው ያለችው።

ወደ አንተ ጥያቄ፦ ሱቅ አትግባ፣ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት ሳልቫጅ ተራ ሂድ። ከወገብህ በጣም የሚሰፋ የወንድ ጂንስ ፈልግ። ጨርቁን በሁለት እጅህ ሳበው። ከተለጠጠ ተወው፣ ላስቲክ ያለበት ጂንስ ቢሰፋም እንደ ባጊ አይወርድልህም፣ ወፍራምና የማይለጠጥ ጥጥ ነው የምትፈልገው። ካገኘህ ወገቡን ከኋላ ብቻ ያጥብቡልህ፣ ጎኑን እንዳይነኩት፣ ከጎን ከቀነሱ ኪሶቹ ወደ ኋላ ይዞራሉ።

የከዚራ ልጅ፦

ርዝመቱንስ? እንደ ድሮው መሬት ይንካ ወይስ ላሳጥረው?

የመኪና ግርግር ልጅ፦

ከፊት ጫማው ላይ ይተኛ፣ ከኋላ መሬት ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ይቁረጡት። ያን ቀን የምታደርገውን ጫማ ይዘህ ሂድ፣ በነጠላ ጫማ ተለክተህ በወፍራም ሶል ብትለብሰው አጭር ሆኖ ነው የምታገኘው።