የዘር መያዣ መረቤን ከአይጥ እንዴት ላድን?

ሰላም ለሁላችሁ። ካፋ ውስጥ፣ ቦንጋ አካባቢ ባለ የቡና ጫካ፣ ወፎች ጥቁር እንጨት የተባለውን ዛፍ ዘር የት የት እንደሚጥሉ ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ እየሰበሰብኩ ነው። ሆርንቢል፣ ያ ምንቃሩ ላይ ጉብታ ያለው ትልቅ ወፍ፣ ፍሬውን እንዳለ ውጦ ዘሩን በኋላ ይተፋዋል። ስለዚህ ሥጋው የተላጠ ዘር ከእናት ዛፉ ርቆ ሳገኝ ወፍ አመጣው ማለት እችላለሁ።

ዘሩን የምይዘው ከአጎበር በሰፋሁት መረብ ነው፤ በአራት እንጨት ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ተወጥሯል። ጠዋት ስደርስ ግን የማገኘው ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት ያለበት ስንጥቅ ቅርፊት ነው። ከቅርፊት ደግሞ ሙሉ ፍሬ ይሁን ወፍ የተፋው ዘር መለየት አይቻልም፤ ቆጠራው እዚያ ላይ ያበቃል።

እንጨቶቹን ግራሶ ቀባሁ፤ የካፋ ዝናብ አጠበው። ከላይ ወንፊት ሽቦ ሳለብሰው ዘሩ እየነጠረ ውጭ ይወድቃል። እንጨቶቹ ላይ ቆርቆሮ ስጠቀልል አይጦቹ በእንጨቶቹ መውጣት አቆሙ፣ አሁን ግን ከጎን ካለው የቡና ቅርንጫፍ እየዘለሉ ይገባሉ። ቡናው የገበሬ ነው፣ መቁረጥ አይታሰብም። ወደ ገላጣ ቦታ ባዛውረው ናሙናው ይዛባል። መርዝም አልፈልግም፤ የሞተ አይጥ የሚበላ ጉጉት አለ።

እንዲህ ባለ ጥቅጥቅ ጫካ፣ ሳትቆርጡና መርዝ ሳትጠቀሙ፣ አይጥ ዘሎ የማይገባበት መረብ የሠራችሁ እንዴት አድርጋችሁ ነው?