ለልጄ የታሰበው ሲሮሊመስ ከጎረቤታችን ልጅ መድኃኒት ለምን ተለየ?

እናት፣ ከኮምቦልቻ፦
የሁለት ዓመት ወንድ ልጄ ከተወለደ ጀምሮ አንገቱ ላይ ለስላሳ እብጠት አለው፤ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ይወጠርና ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ጉንፋኑ ሲለቀው ይጎድላል። ደሴ ያየው ሐኪም በአልትራሳውንድ መርምሮ የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱት የሊምፍ ሥሮች የአፈጣጠር ችግር መሆኑን ነገረኝና ሲሮሊመስ የሚባል መድኃኒት ሊጀምርለት አስቧል። የጎረቤቴ ልጅ ግን ፊቷ ላይ የነበረው ቀይ እብጠት ፕሮፕራኖሎል በተባለ የልብ መድኃኒት ጠፍቶላታል። ሲሮሊመስ ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎች የሚሰጥ መሆኑን ስሰማ በጣም ፈራሁ፤ ለምን ያኛው አይታዘዝለትም?

የሕፃናት ሐኪም፣ ደሴ፦
እህቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። የሁለቱ ልጆች ሕመም ከላይ ቢመሳሰልም መነሻው የተለያየ ነው። የጎረቤትዎ ልጅ የነበረባት ሄማንጂዮማ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህም ከተወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት በፍጥነት የሚያድግ የደም ሥር ዕጢ ሲሆን፣ ፕሮፕራኖሎል እንደሚያከስመው በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው፣ የፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ ሐኪሞች መድኃኒቱን ለልብ ሕመም በሰጡት ሕፃን ላይ ዕጢው ሲቀንስ በአጋጣሚ ካዩ በኋላ ነው። የእርስዎ ልጅ ችግር ግን ማኅፀን ውስጥ ሳለ የተፈጠረ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፒአይኬ3ሲኤ በተባለው ዘረ መል ላይ በሚደርስ ለውጥ ምክንያት የእድገት ምልክት ለሴሎቹ ያለማቋረጥ ይደርሳቸዋል፤ ሲሮሊመስ በዚሁ መንገድ ላይ ያለውን ኤምቶር የተባለ ፕሮቲን ስለሚገታ ይመረጣል። እብጠቱን ጨርሶ ያጠፋዋል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም፤ በብዙ ልጆች ላይ ግን መጠኑንና ሕመሙን ይቀንሳል።

የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክም ልጁ ካተኮሰው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠንም በየጊዜው መለካት ስላለበት፣ ምርመራው የት እንደሚሠራ ሳይጀምሩ ይጠይቁ።

ፋርማሲስት፣ ደሴ፦
ዶክተሩ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እንደ ኤሪትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ያሉ መድኃኒቶች ሲሮሊመስን በደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ከፍ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ለጉንፋንም ቢሆን ከሰፈር ፋርማሲ ምንም ከመግዛትዎ በፊት ልጁ የሚወስደውን ይንገሩ። ሲሮሊመሱ በፈሳሽ መልክ ከታዘዘ በመለኪያ ስሪንጅ እንጂ በሻይ ማንኪያ አይስጡት፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ስለሚሞቅም ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት።

እናት፣ ከኮምቦልቻ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ገና አልወሰደም፤ ይህ ያስቸግራል?

የሕፃናት ሐኪም፣ ደሴ፦
መጠየቅዎ እጅግ ጥሩ ነው። የኩፍኝ ክትባት ሕያው ቫይረስ ያለበት ስለሆነ ሲሮሊመስ እየወሰደ አይሰጠውም። የክትባት ካርዱን ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ሕመሙ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ መጀመሪያ ክትባቱን ወስዶ፣ መድኃኒቱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሊጀመርለት ይችላል።